ሠላሳ አንዱ የጥይት ሳጥኖች

እኔ ይርጋነሽ አምላኩ፣ የቢቸና ከተማ ነዋሪ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህርት፣ ዕድሜዬ ሰባ ሰባት ዓመት፣ ዛሬ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም. በቤቴ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ይህን የኑዛዜ ቃል ሰጥቻለሁ። ልቤ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን የራሴ ነው። ያስገደደኝ የለም። አቶ ይታያል ይጽፋል፤ አራቱ ምስክሮች ይሰማሉ።

ቤቴን ከነቦታው ለወንድሜ ልጅ ለእናትነሽ የኔሰው ሰጥቻለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንሥታ አስተኝታኛለች።

ወንድሜን የኔሰውን ይቅር ብዬዋለሁ። አራት ሳጥኖቼን ለቁራሌ ሸጦ «አሮጌ ጣውላ ነው» ስላለኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አላነጋገርሁትም። የአንድ እናት ልጆች ነን። የእርሱ አባት በአልጋው ላይ ሞቶ፣ ተለቅሶለት ተቀብሯል፤ የእኔን አባት የበላው መሬት አይታወቅም። ይህን በጊዜው ባስረዳው ኖሮ ምናልባት አይሸጣቸውም ነበር። የእናታችንን የብር መስቀል ይውሰድ። ሳጥን ግን አልሰጠውም።

ስለ ሳጥኖቹ ይህን እወቁልኝ። አባቴ አምላኩ በ፲፱፻፴፫ ዓ.ም. ከአርበኞች ጋር ወጥቶ ሲቀር እኔ ገና በማሕፀን ነበርሁ። አድጌ ሞጣ ሳስተምር፣ ሐምዱ ከሚባል የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ገባሁ። የተቀመጠበት የጣሊያን የጥይት ሳጥን ነበር።

«ከየት አገኙት?» አልሁት።

«ገበሬ ሲያርስ ያወጣው ነው። ጦርነት የነበረበት ቦታ ነው አሉ።»

እጄን በሳጥኑ ላይ አሳርፌ አለቀስሁ። ምክንያቱን ስነግረው ብድግ አለ፤ ዳግመኛም አልተቀመጠበትም። «መምህርት፣ እኔ ከገበያ ገበያ ዟሪ ነኝ። ባገኘሁ ቁጥር አመጣልዎታለሁ» አለኝ።

አርባ ዓመት አመጣልኝ። ከግንደወይን ዶሮ ታቅፍበት የነበረውን፣ ከየጁቤ በርበሬ ይቀመጥበት የነበረውን፣ ከዓባይ አፋፍ ግማሹ የተቃጠለውን። ወደ ቢቸና ከተዛወርሁ በኋላም በአይሱዙ ጭኖ ይመጣ ነበር። የተገኙበትን ቦታ እየጻፍሁ በየክዳናቸው ውስጥ ለጥፌአለሁ፤ ምስጥ እንዳይበላቸው በድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ክረምት በወጣ ቁጥር አናፍሳቸዋለሁ። ጥይት አንድም የለባቸውም፤ ፖሊስ ከፍቶ አይቷቸዋል።

የምተኛው በመካከላቸው ነው። ዝናብ ሲዘንብ እንጨታቸው ያብጣል፤ ፀሐይ ሲወጣ ቀስ ብሎ ይንቋቋል፤ ድምፃቸው የሚተነፍስ ሰው ይመስላል። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል፣ ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመዋቸው በጉም ውስጥ ወደ ዓባይ ሲወርዱ አያለሁ። የሚታየኝ ጀርባቸው ነው። የትኛው አባቴ እንደሆነ ስለማላውቅ ሁሉንም «አባባ» እላቸዋለሁ። እስካሁን የዞረ የለም።

ሐምዱን እወደው ነበር። ይታያል እዚህ ላይ ብዕሩን አቁሞ «አከብረው ነበር ብዬ ልጻፈው?» አለኝ። የነገርሁህን ጻፍ አልሁት። በሃይማኖት የተለያየን፣ እርሱም ባለትዳር ስለነበር፣ ከሳጥን በቀር በመካከላችን ያለፈ ነገር የለም። ከሞተ አራት ዓመቱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሚስቱ ሀሲና ከሞጣ ልትጠይቀኝ መጣች። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው።

«እትዬ፣ ይቺን ሳጥባት ሚስማር ወግቶኝ ነበር» አለች።

«አንቺ ነበርሽ የምታጥቢያቸው?»

«እርሱማ ከነጭቃቸው ነበር የሚያመጣቸው። አጥቤ፣ የኑግ ዘይት ቀብቼ የምሰጠው እኔ ነበርሁ።»

«ለምን?» አልኋት።

«እርስዎ አባትዎን ይፈልጋሉ። እርሱም እርስዎ ዘንድ መምጣት ደስ ይለው ነበር፤ አውቃለሁ። ቢከፋኝም የሟች ዕቃ ከነጭቃው አይሰጥም። አፈሩንም አልደፋሁትም። የሰው ደም የጠጣ ይሆናል ብዬ በግቢያችን ከወይራው ሥር አጠራቀምሁት። ሣር በቅሎበታል። ማንም እንዲረግጠው አልፈቅድም።»

እስኪመሽ እጇን ይዤ ቆየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የፈለግሁት አባቴ ምናልባት ከሀሲና ወይራ ሥር ነበር።

ስለዚህ ሀሲና ከሠላሳ አንዱ ሳጥኖች የወደደችውን አስቀድማ ትምረጥ። የቀሩት ሠላሳው በቢቸና ላስተማርሁበት ትምህርት ቤት ይሰጡ። አይነጣጠሉ፤ ወረቀታቸውም አይነሣ።

ስቀበር፣ መቃብሬ ከመደፈኑ አስቀድሞ፣ ከሀሲና ግቢ አንድ እፍኝ አፈር ይጨመርልኝ። በስልክ ጠይቄአት «ራሴ ይዤ እመጣለሁ» ብላኛለች። ከአንድ እፍኝ በላይ አይወሰድባት፤ የሌሎችም አባቶች አሉበት።

ይህ ቃል ለእኔና ለአራቱ ምስክሮች ጮክ ተብሎ ተነቧል። የተናገርሁት መሆኑን አረጋግጬ በእጄ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ይርጋነሽ አምላኩ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
መሪጌታ ወልደ ሰንበት (ፊርማ)
አቶ ስጦታው (ፊርማ)
አቶ ሣህለ ማርያም (ፊርማ)
ሐጂ ሙጀሂድ (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ይታያል (ፊርማ)