ሠንጠረዡ የማያውቀው

ጥቅምት 5
ዛሬም ሠንጠረዥ። እኔ ከዳታቤዙ የዓምዶቹን ስም ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ጋሽ ነጥብ ኮዱን ይጽፋሉ። የታካሚ ቁጥር... የናሙና ዓይነት... የተወሰደበት ሰዓት። ለአንዱ ሠንጠረዥ አራት ፋይል። ያለው መቶ አርባ ሠንጠረዥ፣ እኛ ገና ስልሳ ሁለተኛው ላይ። የላቦራቶሪው ሰዎች ፕሮግራሙ መቼ ነው የሚያልቀው እያሉ ነጋ ጠባ ይደውላሉ።

ጋሽ ነጥብ ያልኳቸው እኔ ነኝ። የጎደለች ነጥብ ከክፍሉ ማዶ ሆነው ያያሉ። "ልጄ፣ አንድ ዓምድ ዘለልሽ" ይሉኛል፣ እያነበብኩ ያለሁት እኔ! አንገታቸውን ሲያሹ ዋሉ። ደክሟቸዋል መሰለኝ።

ጥቅምት 8
ቅዳሜ። ቤት። ማንም አልደወለም። እኔስ ለማን ልደውል?

ቴምፕሌት ሞከርኩ። አንድ ናሙና ፋይል ጻፍኩና የሠንጠረዡና የዓምዶቹ ስም የሚገባበትን ባዶ ተውኩት። ባዶውን ፕሮግራሙ ራሱ ከዳታቤዙ እያነበበ ይሞላል። ሠራ! ብቻዬን አጨበጨብኩ። ሰኞ ጋሽ ነጥብን ጉድ አሰኛቸዋለሁ።

ጥቅምት 10
መቶ አርባውም በአራት ደቂቃ አለቀ። አለቃችን ከደስታው ብዛት መቀመጥ አቃተው። ጋሽ ነጥብ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ጎበዝ" አሉ።

ጥቅምት 12
ጋሽ ነጥብን፣ በእጅ የሚጻፍ ኮድ የለም ብለው፣ ሦስተኛ ፎቅ አዛወሯቸው። የደንበኞች ስልክ እንዲያነሱ። ዕቃቸውን በአንዲት ካርቶን ይዘው ወጡ። ላግዝዎት ስል "ተይው፣ ቀላል ነው" አሉ።

ጥቅምት 27
ክፍሉ ጭር ብሏል። ዛሬ ከአፌ የወጣው ቃል ለጥበቃው "እንደምን አደሩ" ያልኩት ብቻ ነው። ጋሽ ነጥብ ጋ ልወጣ ደረጃውን ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ተመለስኩ። ምን ብዬ ልሂድ? ከሥራ ውጪ አውርተን አናውቅም። ልጆች ይኑሯቸው አይኑሯቸው እንኳ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠን...

ኅዳር 9
በሁሉም ሠንጠረዦች ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር ተባለ። ጨመርኩ። ቴምፕሌቱን እንደገና አስኬድኩት፣ ፋይሎቹ በአዲስ ተተኩ። ሰላም።

ኅዳር 10
ምን ሰላም አለ! የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ደወለች፣ ጩኸቷ ጆሮ ይበጥሳል። "የሦስት ቀን ሕፃን ውጤት በአዋቂ ልክ ተመዝኖ 'አደገኛ' ብሎ ወጣ! እናቱ ስታለቅስ አረፈደች። እስከ ትናንት ደህና ነበር እኮ፣ ምን ነካችሁት?" ሕፃኑ ደህና ነው፣ ውጤቱም የጤነኛ ነው።

የቀድሞውን ቅጂ ከአዲሱ ጋር አመሳከርኩ። አሥራ አንድ ፋይሎች ላይ በእጅ የተጨመረ ነገር ነበር። አንዱ፣ የጨቅላ ዕድሜ በዓመት ሳይሆን በቀን ይቆጠር፣ ልኩም ለብቻው ይሁን የሚል... ጋሽ ነጥብ! ከመሄዳቸው በፊት በነበረችው አንድ ቀን፣ ሳይነግሩኝ፣ ቁጭ ብለው አርመውታል። ሠንጠረዡ ዕድሜ የሚል ዓምድ አለው እንጂ ጨቅላ ምን እንደሆነ አያውቅም። ቴምፕሌቴም አያውቅም። እኔም ደራርቤ ጻፍኩበትና አጠፋሁት።

ለጊዜው የድሮውን መለስኩ። ግን ቴምፕሌቱ በሄደ ቁጥር መጥፋቱ ነው። እርማቱ ቴምፕሌቱ የማይደርስበት ሌላ ፋይል ውስጥ መግባት አለበት። የቀሩት አሥሩስ ለምን ታረሙ? የሚያውቁት እሳቸው ብቻ።

ኅዳር 11
ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ጋሽ ነጥብ ጋ። ወንበር ሳቡልኝ። አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ አስረዱኝ፣ መሃል መሃል ላይ ስልክ እያነሱ። ጡረታ የሚወጡት በዚህ ወር መጨረሻ ነው። አላውቅም ነበር።

"ያጠፋሁብዎት እኔ ነኝ" አልኩ።
"ፋይሉስ ይጻፋል። ያን ቴምፕሌት ስትሠሪ ግን ለምን አልነገርሽኝም?"
"ደክሞዎት ነበር እኮ ጋሼ። ላሳርፍዎት ብዬ..."
"ደክሞኝስ ነበር። ብቻዬን ግን አልነበርኩም።"

እዚያው አለቀስኩ። ስልኩ እየጮኸ፣ ሰው እያየኝ። እኔም ብቻዬን አልነበርኩም፣ ለካ።

ታኅሣሥ 4
ጋሽ ነጥብ ማክሰኞ ጡረታ ወጡ። አሥራ አንዱም እርማት ለብቻው ተቀምጧል። ቴምፕሌቱን ሦስት ጊዜ አስኬድኩት፣ ምንም አልተነካም። እንግዲህ የምጠይቃቸው ጉዳይ የለኝም ማለት ነው። ስልኬን አነሳሁ። አስቀመጥኩ። ምን ይሉኛል? አነሳሁ።

"አቤት ልጄ፣ ምን ተበላሸ?"
"ምንም አልተበላሸም ጋሼ።"

ፊቴ ጋለ፣ ልዘጋው ምንም አልቀረኝም።

"እስቲ ቆይ" አሉ፣ "ሬዲዮውን ላጥፋ።"