የሳራ ስሌት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት 3፡00

ካዛንቺስ ዛሬም አቧራ ነው። የቢሮው መስኮት አይከፈትም። የሳራ ወንበር ባዶ፤ ስድስት ወሩ። አዲስ ሥራ መጥቷል፦ የቲማቲም ድልህ ማፍያ ታንከር። የውስጡ አየር በፓምፕ ሲመጠጥ የውጭው አየር ዙሪያውን ይጫነዋል። ደንበኛው እንዲቀል በአሉሚኒየም ይሁን ብሏል። አለቃችን ኢ/ር ግርማ ድሮዊንጉን ለዓርብ ይፈልጉታል።

ልጠይቃት ቀና አልኩ። የለችም በቃ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6። ምሳ ሰዓት

ማስታወሻዬ፣ ደብቄህ የቆየሁትን ልንገርህ። ከስድስት ወር በፊት በሙከራ ላይ የተጨማደደው ታንከር ስሌት የኔ ነበር። ውድ፣ ጠንካራ ብረት መረጥኩ፤ ቢሳሳም ይችላል ብዬ። ሳራ ተው አለችኝ። ከውጭ የሚጫን ነገር ብረቱን ከመስበሩ በፊት ያጎብጠዋል፤ የሚያድነው ግትርነቱ፣ አልታጠፍም ማለቱ ነው፤ እሱ ደግሞ በውዱም በርካሹም ብረት ያው ነው አለች። ወይ አወፍረው፣ ወይ ዙሪያውን ቀለበት አስበይድበት። ሳቅሁባት።

በሙከራው ቀን እንደ ውሃ ፕላስቲክ ጭምድድ አለ። ሰው አልተጎዳም። ድሮዊንጉን የሠራችው እሷ ስለነበረች አለቃው ስሌቱም የሷ መሰላቸው። ዝም አልኩ። አየችኝ፣ እሷም ዝም አለች። በሳምንቱ ለቀቀች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7። ከቀኑ 11፡30

የአሉሚኒየም ግትርነት የብረት ሲሶ ነው። አወፈርኩት፣ ቀለበቶቹን አቀራረብኩ። ቀላል ይሆናል የተባለው ታንከር ከታሰበው በላይ ከበደ።

ከመስቀል አደባባይ እስከ ሜክሲኮ በእግሬ። አብረን የምንሄድበት መንገድ። ቶሎ ቶሎ ትራመድ ነበር፤ ስትቀድመኝ ቆማ ትጠብቀኛለች። ዛሬም ሁለቴ ቆምኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8። ከቀኑ 9፡00

የያኔው ስሌት የኔ እንደነበር ለኢ/ር ግርማ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። ስድስት ወር ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር አሉኝ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9። ከቀኑ 7፡00

ቂርቆስ ሄድኩ። ሳራ በአክስቷ ሱቅ ውስጥ ፎቶኮፒ ታነሳለች። መሐንዲሷ። ከስታለች። ስሌቱ የኔ እንደነበር ለአለቃው መናገሬን፣ አዲስ የአሉሚኒየም ታንከር መምጣቱንም ነገርኳት፤ ይቅርታ ማለት አቃተኝ። የደንበኛዋን ወረቀት ቆጥራ ሸኘች። ከዚያ ሳታየኝ፦

«አዲሱን ስንት ውፍረት አደረግኸው?»

ነገርኳት። ከማሽኑ ላይ ባዶ ወረቀት ሳበች፣ በርጩማ በእግሯ ገፋችልኝ። አንድ ሰዓት ያህል አሰላን። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም።

ትመለሻለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ያን ለመጠየቅ አፍ የለኝም። ሰኞ ኢ/ር ግርማን ይዤ እመጣለሁ። እሳቸው ይጠይቋት።