ስኳርና ውሃ ብቻ

ቤይሩት፣ አሽራፊዬ
ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእታለም ሰሊማ፣

የአላህ ሰላም ከደጃፍሽ እስከ ጓዳሽ ይሙላልሽ። አባዬ እንዴት ነው? ብርዱ ጉልበቱን አልጠናበትም? ልጅሽ ሙሐመድጣሂርስ ትምህርቱን ያዘ?

ጽሑፌ ተወለጋግዶ ስታዪው አትደንግጪ። ቀኝ እጄ በፋሻ ስለተጠቀለለ በጣቶቼ ጫፍ ነው የምጽፈው። እየዳነ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እንዴት እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ ግን ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው። ለአባዬ እንዳታነቢለት። ድምፅ ቀድቼ ያልላክሁልሽም ለዚህ ነው፤ እናንተ ቤት የአንዱ ስልክ ሲከፈት ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። እዚሁ ቤይሩት ዳር ሀደት ሰፈር የምትሠራው ሰሚያ ኮንትራቷን ጨርሳ ሐርቡ ስለምትገባ በሷ እጅ ልኬዋለሁ።

አሠሪዬን ጂዶ ፋሪድን በወሬ ታውቂያቸዋለሽ። ማዳሜ ሎሪስ አምና ረመዳን ሊገባ ሲል ከሞተች ወዲህ በዚህ ሰፊ ቤት የቀረነው እሳቸውና እኔ ነን። ጂዶ ማለት አያት ማለት ነው፤ ስማቸውን ብቻ መጥራት ስለማይሆንልኝ እንደዚያ እላቸዋለሁ። ድሮ ማታ ማታ ባልና ሚስቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አንዳንድ ብርጭቆ ዓረቅ ይጠጡ ነበር፤ የኛ አገር ክርስቲያኖች አረቄ እንደሚሉት ያለ ነው። እኔ ብርጭቆውን አጥብ ነበር እንጂ ከዚያ በላይ አይመለከተኝም። ማዳሜ ስትሞት ግን ሐኪሙ "ከልብ መድኃኒትዎ ጋር አይስማማም፣ ኸላስ፣ በቃ" አላቸው። ካናዳ ያለችው ልጃቸው ሪማም ለሰፈሩ ባለ ሱቆች ሁሉ ደውላ "ለአባቴ መጠጥ እንዳትሸጡ" ብላ አስጠነቀቀች።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው አልጋ ላይ ቀሩ። ጢማቸውን አይላጩ፣ መጋረጃ አያስገልጡ። አንድ ማንኪያ ሾርባ ለማጉረስ እለምን ነበር። "ጂዶ፣ ስለ አላህ ይብሉ" ስላቸው "ለማን ብዬ?" ይሉኛል። ይህን ስሰማ ሆዴ ይባባል፤ ደግሞ እፈራለሁ። የመኖሪያ ወረቀቴ በሳቸው ስም ነው፤ እሳቸው ካለፉ እኔ የማን ነኝ?

የዚህ አገር ገና ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ራሳቸው ተነሥተው ወጥ ቤት መጡ።

"ከሪማ፣ ያላ፣ ስኳር ግዢ። ብዙ ስኳር። የዳቦ እርሾም።"

ማርማላታ ሊያሠሩኝ መስሎኝ ሮጬ ገዛሁ። ስኳሩን በፈላ ውሃ አሟሟን፣ በነጭ የፕላስቲክ በርሜል ገለበጥነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመርንበት። "ሕፃን የሚታጠብበት ያህል ለብ ይበል፤ ከሞቀ እርሾው ይሞታል" አሉኝ። ክርኔን እየነከርሁ ለካሁላቸው። እሳቸውም ለሥራው አዲስ ናቸው፤ በልጅነታቸው ያዩት ከወይን ሲሠራ ነው። አሁን መነጽራቸውን አድርገው ከስልክ እያነበቡ፣ እኔ እያማሰልሁ፣ ሁለታችንም ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ሆንን። ክዳኑን በስተው ቀጭን ቱቦ አስገቡና ጫፉን ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ነከሩት።

"ምንድነው ጂዶ?"

"ስኳርና ውሃ ብቻ ነው፣ ያ ቢንቲ።"

ልጄ ሲሉኝ ሌላ አልጠየቅሁም። ወላሂ ሰሊማ፣ እንደኛ ከሪቦ የማያሰክር መስሎኝ ነበር።

በርሜሉን የት እንዳስቀመጡት ታውቂያለሽ? ከኔ ክፍል ጎን ባለችው ትንሿ መታጠቢያ ቤት። የውሃ ማሞቂያው እዚያ ስለሆነ ሙቀት አለው አሉ። ለሶላት ዉዱእ የማደርግበት ቦታ ነው! በማግስቱ ለሱብሒ ስነሣ ጠርሙሱ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ ሽታው ደግሞ የቡሆ አይደለም፣ የስኳርም አይደለም፣ አፍንጫ ይወጋል። ለሰሚያ ደወልሁላት።

"አንቺ! መጠጥ ነው እየጠመቅሽ ያለሽው" አለችኝ። "ዛሬውኑ ድፊው። ረመዳን እየመጣ ነው፤ በምን አፍሽ ልትጾሚ ነው?"

ልደፋው ገባሁ። ክዳኑን ይዤ ቆሜ ሳለ ጂዶ ከኋላዬ መጡ። ጢማቸውን ተላጭተዋል! ሸሚዝ ለብሰዋል፣ ሽቶ ተቀብተዋል። ጆሯቸውን ወደ ጠርሙሱ አስጠግተው "ስሚው፣ ይተነፍሳል" ብለው ሳቁ። ከማዳሜ ሞት ወዲህ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው።

"ጂዶ፣ ይህ ሐራም ነው" አልኋቸው።

"ለኔ አይደለም" አሉኝ። "አንቺ አትጠጪ፣ አትንኪውም። ኃጢአቱ የኔ ይሁን። የሎሪስ ሙት ዓመት እስኪደርስ ብቻ። እሷ ባረፈችበት አንድ ብርጭቆ፣ ከዚያ በቃኝ።"

ድፊው ያለችኝ ሰሚያ እውነቷን ነው። ግን እንዴት አድርጌ ልድፋው? ሰውየው በየጠዋቱ እሱን ለማየት ብለው ይነሣሉ፤ ከተነሡ ቁርስ ይበላሉ። ሳልደፋው ተውሁት። ዉዱእ የማደርገውን ወደ ወጥ ቤቱ ቧንቧ አዛወርሁ። ስሰግድ ግን ልቤ አይረጋም፤ ቡልቅታው በግድግዳው አልፎ ይሰማኛል። ደግሞ ብርዱ ጠና፣ ጄኔሬተሩም መጥፋት አበዛና ቡልቅታው ቆመ። ጂዶ የማዳሜን የሱፍ ካፖርት ከቁም ሳጥን አውጥተው በርሜሉን አለበሱት። ቁልፎቹንም ቆለፉለት። ያን ሳይ ዞር ብዬ አለቀስሁ፤ በዚያው ላይ በርሜሉ ዳግም እንዳይነቃ ዱዓ አደረግሁ። ነቃ።

ሲረጋና ሽታው ሲለወጥ "አሁን ዓረቁን ማውጣት ነው" አሉ። ለዚህ ደግሞ የግፊት ድስቱን ክዳን በስተው የመዳብ ቱቦ ገጠሙበት። እኔ እሳት ስለምፈራ "የሚያውቅ ሰው ሳይኖር አይለኩሱ" ብዬ ለመንኋቸው። እሺ አሉኝ።

ከሳምንት በፊት ጣሪያ ላይ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ስወርድ ሽታው ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። በሩን ስከፍት ጂዶ በነጠላ ጫማ ምድጃው ፊት ቆመው ቱቦውን በጨርቅ ይዘዋል፤ ከመጋጠሚያው እንፋሎት ይወጣል። "ያጥፉት!" ብዬ ጮኽሁ። ቃሌን ሳልጨርስ እንፋሎቱ እሳት ያዘ። ሰማያዊ ነው፣ እንደኛ እንጨት እሳት አይንቦገቦግም፤ መጋረጃው ሲጤስ ነው ያየሁት። በአንድ እጄ እሳቸውን ወደ ኋላ ገፋሁ፣ በሌላው የጋዙን ማጥፊያ ጨበጥሁ፤ እጄ የተቃጠለው ያኔ ነው። ገመዱ ሞልቶብኝ የመለስሁት እርጥብ አንሶላ ትከሻዬ ላይ ስለነበር በሱ አፈንሁት። አላህ አወጣን። ሌላ የምለው የለኝም፤ እሱ ነው ያወጣን።

ጂዶ ወለሉ ላይ ተቀምጠው "ሎሪስ፣ ሎሪስ" እያሉ ይጣሩ ነበር። በርሜሉን በዚያው ሰዓት ደፋሁት። አልከለከሉኝም።

ማታውን ሪማ በቪዲዮ ደወለች። ፋሻዬን አየችው።

"እጅሽ ምን ሆነ?"

ጂዶ ከስልኩ ጀርባ ሆነው "ዘይት፣ ዘይት በያት" ብለው በከንፈራቸው ይለምኑኛል። ዓይናቸው የልጅ ዓይን ነው። እኔም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዘይት ብል ማን ይጠይቀኛል? ግን ነገ ደግሞ ስኳር ግዢልኝ ይሉኛል፤ እኔ ጣሪያ ላይ ስሆን ሌላ ድስት ይጥዳሉ። በእሳት ቢሞቱስ?

"ማዳም፣ ዘይት አይደለም" አልኋት።

ሁሉንም ነገርኋት። "ስኳሩን አንቺ ገዛሽለት?" አለች። "አዎ፣ እኔ ነኝ።" ጮኸች፣ ሰደበችኝ፣ ከዚያ ስልኩን ይዛ ብዙ አለቀሰች። በመጨረሻ "መርሲ፣ ከሪማ" ብላ ዘጋችው። በማግስቱ ቁርጡን ነገረችኝ፤ ከፋሲካ በኋላ ቤቱ ይዘጋል፣ ጂዶ ተራራው ላይ ወዳለ የአረጋውያን መጦሪያ ይገባሉ። ለኔ ወይ የአገሬን ቲኬት ትቆርጥልኛለች፣ ወይ ደክዋኔ ካለች ዘመዷ ቤት ታስገባኛለች።

ጂዶ አምስት ቀን አላናገሩኝም። ትናንት ሾርባ ስወስድላቸው የፋሻዬን ጫፍ ያዝ አድርገው "ብትዋሺልኝ በእሳት እሞት ነበር። ስላልዋሸሽ ደግሞ እዚያ ተራራ ላይ እሞታለሁ፤ ግን ቀስ ብዬ" አሉኝ። ከዚያ ሾርባውን ጨረሱት። ሳልለምናቸው።

እታለም፣ አደራ የምልሽ አለ። ሸኹን በኔ ስም ሳይሆን "በሰው አገር ያለች አንዲት ሴት" ብለሽ ጠይቂልኝ፤ ሳታውቅ ጀምራ፣ ካወቀች በኋላ ዝም ያለች ሴት ጾሟ ይያዝላት እንደሆነ። መልሱ ከባድ ቢሆንም እንዳትደብቂኝ።

አባዬ "ልጄ መቼ ነው የምትገባው?" እንደሚልሽ አውቃለሁ። ቲኬት ቀርቦላት ነበር ብለሽ እንዳትነግሪው። ሪማ "የትኛውን ትመርጫለሽ?" ስትለኝ፣ ሳላስበው ከአፌ የወጣው "መጦሪያው ሠራተኛ ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቁልኝ" የሚል ነው። ለምን እንዳልሁት እስካሁን ለራሴም አላወቅሁትም። ገና መልስ አልመጣም፤ እሱን ስጠብቅ እንቅልፍ አጣሁ።

ለአባዬ "ልጅህ አንድ ሽማግሌ ትጦራለች" በይው። ይህ ውሸት አይደለም። ዱዓ ሲያደርግልኝም፣ ማን እንደሆኑ ሳይጠይቅ፣ ለሽማግሌው ለራሳቸው አንዲት ቃል ይጨምርላቸው።

አላህ ቤትሽን ከእሳት፣ ልጅሽን ከክፉ ዓይን ይጠብቅልሽ። ረመዳኑን በደህና ያስገባችሁ።

እህትሽ
ከሪማ