የሚዘገየው ሶኬት

ላሊበላ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጃችን ለምናለ ደሳለ፣
ባለህበት አዲስ አበባ፤

እንደምን ሰነበትህ? ቁጭ ብለህ አንብብ፤ ነገሩ ቆመው የሚያነቡት አይደለም። ትናንት በቤታችን ከባድ ውሳኔ ተላልፏል። ባለሙያ ቃሉን ሰጥቶ፣ ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ እየታዘበች፣ የሶኬት ምርጫ ተካሂዷል። አለቃ ሲሾም እንኳ በዚህ ከተማ ይህን ያህል ክርክር አልተሰማም።

ነገሩ የተነሣው ካንተው ስልክ ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ ብትደውል እናትህ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተራዋን ስትጠብቅ ቆመች። አንተ ግን «አባባ፣ ቤታችን ሲንግል ፌዝ ነው ስሪ ፌዝ?» አልህ። ለገና በአዲሱ የኤሌክትሪክ መኪናህ እንደምትመጣ፣ ዳገቱን ወጥተህ ስትደርስ ባትሪው ባዶ እንደሚሆን፣ ቻርጅ የምታደርግበት እንድናዘጋጅ አዘዝህ። ቀጥለህም «ሰው እየጠበቀኝ ነው» ብለህ ዘጋኸው። እናትህ እጇን እንደ ዘረጋች፣

«ስለ ምን ጠየቀ?» አለች።

«ስለ ቆጣሪያችን ጤንነት።»

«እሱስ ደህና ነው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ባለፈው ገና የመጣኸው በነዳጅ ነበር። ነዳጅ ክፉ ነው፤ ሰውን እንደ ልቡ ያስኬደዋል። ቤተ ማርያም ደጅ ከእናትህ ጋር ፎቶ ተነሣህ፤ ቤት ደርሳ የክት ልብሷን ለውጣ ብትወጣ አንተ የአውሮፕላን ማረፊያውን መገንጠያ አልፈሃል። ማታ ጎረቤታችን ደብሪቱ ያንን ፎቶ በስልኳ አሳየቻት፤ ከሥሩ «እናቴ ሕይወቴ» ብለህ ጽፈሃል።

«ትርንጎ፣ ይኸው ሕይወቱ ነሽ ይልሻል» ብትላት፣

«ታዲያ ሕይወቱን ረስቶ ነው የሄደው?» አለቻት።

ላንተ የታረደውን በግ እኛው ጨረስነው። ጥሩ በግ ነበር፤ ካንተ ይልቅ ብዙ ጊዜ አብሮን ቆይቷል።

ወደ ሶኬቱ ልመለስ። ከወልድያ ሂሻም የሚባል ኤሌክትሪሻን አስመጣን። ቆጣሪውን አየ፣ ሽቦውን ሳበ፣ ከዚያ መኪናውን የነካ ሰው በኤሌክትሪክ እንዳይያዝ ከመሬት ጋር የሚገናኝ ብረት መቀበር አለበት አለ። ብረቱን በመዶሻ ቢለው ቢለው አለት። እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«ቅዱስ ላሊበላ ከዚሁ አለት ስንት ቤተ መቅደስ አወጣ፤ አንተ አንዲት ብረት ማስገባት ያቅትህ?»

«እሳቸውን መላእክት ያግዟቸው ነበር ይባላል፣ ጋሼ። እኔን የሚያግዘኝ የእርስዎ ምላስ ብቻ ነው።»

ወደድሁት። ኋላ ብንፈልግ በግቢው ውስጥ አፈር የሚባል ያለው እናትህ ጎመን የዘራችበት መደብ ላይ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጎመኑ ተነቀለ፤ ብረቱ ገባ። ስትመጣ ጎመን እንዳያምርህ።

አሁን ምርጫው። ስሪ ፌዝ የሚሉትን ባለ ሦስት መስመር ኃይል ወዲያው ጣልነው፤ ማመልከቻ ይፈልጋል አለ ሂሻም። ዕድሜየን ሙሉ በፍርድ ቤት ደጅ የሰው አቤቱታ ስጽፍ ኖሬ በስተርጅና ለመኪና አቤት አልልም። የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቻርጀር ነው፤ ማታ ሰክተኸው ብታድር ጧት ሞልቶ ይጠብቅሃል። ሌላው የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያለው ተራ ሶኬት ነው። ከመኪናው ጋር በመጣው ገመድ ይሰካል፤ ግን ባዶውን ለገባ መኪና አንድ ቀንና አንድ ሌሊት አይበቃውም። መብራት ከሄደማ የባሰ ነው።

በዚህ ጊዜ «የትኛው ነው የሚዘገየው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጠያቂዋ እናትህ ናት።

ሂሻም መዶሻውን አስቀመጠ። «ወላሂ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የትኛው ይፈጥናል ብሎ ነው። የሚዘገየው ተራው ነው።»

«እንግዲያው እሱን ትከል» ተባለ።

እኔ ድምፀ ተአቅቦ አድርጌያለሁ። አባት ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም፤ ለሚሸሽ ሰው ገመድ የምታሰናዳ ሴት ብቻ ናት።

እንግዲህ የሚጠብቅህን ዕወቅ። ሰክቼው ሆቴል አድራለሁ ብትል፣ መኪናው ባለበት ባለቤቱ ማደር አለበት፤ ይህ የሂሻም ሳይሆን የእኔ ደንብ ነው። ሌላ ቤት እሰካለሁም አትበል። ደብሪቱን አስቀድሜ ጠይቄያታለሁ፤ «ለእናቱ ያልሆነ ለኔ ሶኬት አይሆንም» ብላለች። ሆቴሎቹም በገና ሰሞን እንኳን ለመኪና ለሰው ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ሁለት ቀን ከእኛ ጋር ትቀመጣለህ። ምን እንደምናወራ እኔም አላውቅም። ቢቸግር ስለ ቆጣሪው እናወራለን።

ካልመጣህም ሶኬቱ ሥራ አይፈታም። ደብሪቱ ስልኳን ትሰካበታለች፤ ያኔ ፎቶህን እናያለን።

ዳገቱ ይለዝብልህ። ባትሪህ ግቢያችን ሳይደርስ አይለቅ፤ ከደረሰ በኋላ ግን እንደ ፈቃዱ ይሁን። የቅዱስ ላሊበላ በረከት ጎማህንም ልብህንም ይጠብቅልህ፤ ጎማህን እንኳ አይቼዋለሁ።

አባትህ
ደሳለ ፈንታው

ማረሚያ፦ ከላይ «ጠያቂዋ እናትህ ናት» ተብሎ የተጻፈው ስሕተት ሆኖ ስለ ተገኘ በሚከተለው ታርሟል። እናትህ ወይዘሮ ትርንጎ በጉዳዩ ላይ የሰጠችው ቃል «የሚፈጥነውን ትከልለት፤ ቶሎ ይሙላና ይሂድልኝ፤ ዳግመኛ ደጅ ደጁን ሳይ አልውልም» የሚል ነው። «የትኛው ነው የሚዘገየው?» ብሎ የጠየቀው ከላይ የፈረመው ሰው ነው። የቀረው የደብዳቤው ቃል እንዳለ የጸና ነው።