የዳማ ጋጣ

ኅዳር 9

ገብሱን ወቃን። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሣልን፣ ገለባውን ለብቻው አወጣው። ዘንድሮ ለዳማ የሚበቃ ገለባ አለ፣ ተመስገን።

ሆዷ ወርዷል። በጥር ትወልዳለች ብዬ ቆጥሬያለሁ። ዳማ የጸሐይነሽ ባዝራ ናት። ባለቤቴ ከውርንጭላነቷ ጀምራ ገብስ ከመዳፏ እያበላች ነው ያሳደገቻት። ጸሐይነሽ ካረፈች በየካቲት አራት ዓመት ይሞላታል። ከእጇ የቀሩኝ ሕያዋን ሁለት ናቸው... ሰቆጣ ያለችው ልጃችን እስከዳርና ደጅ ያለችው ዳማ።

ወገቤን ያመኛል። ሌላ የለም።

ኅዳር 11

ጅብ የባንቺን አህያ በላ። አጥሩን ጥሶ ነው የገባው። ጠዋት ስደርስ ከአህያዋ የተረፈው ኮቴና ጭራ ነበር።

ባንቺ ጎረቤቴ ናት። ባሏ ከሞተ ብቻዋን ነው የምትኖር፤ ምላሷ ግን ለብቻው አንድ ሰው ይሆናል። «አያ አሥራተ፣ የእርስዎ ባዝራ ደጅ የምታድረው ጅቡ ጾመኛ መስሎዎት ነው?» አለችኝ። አህያዋ ተበልታ እንኳ ትቀልዳለች። ተናደድኩ። እውነቷን ስለሆነ ነው የተናደድኩት።

የድሮው ጋጣ በክረምቱ ዝናብ ተደርምሷል። ዳማ ከዚያ ወዲህ ወይራው ሥር ነው የምትታሰረው። ጋጣ መሥራት አለብኝ። ግን ምን ዓይነት?

ኅዳር 14

ነገ የነቢያት ጾም ይገባል ብላ እስከዳር ሥጋ ይዛ መጣች። መንገዱ እስኪያልቅ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሯ።

ጋጣውን አማከርኳት። ዳስ ብጥልላት አየሩ ጥሩ ነው፣ ግን ለጅብ ማዕድ ማቅረብ ነው። በድንጋይ ላሠራ ብል ግንበኛው እስከ ጥር አይጨርስም። ቆርቆሮ ፈጣን ነው... ይህን ሁሉ ስዘረዝር እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«አዲስ መሥራት ለምን አስፈለገ አባዬ? የእማዬ ማድ ቤት አለ አይደል? ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ በሩ ጠንካራ ነው፣ ወለሉም ወደ ደጅ ያዘነብላል። አንድ መስኮት መክፈት ብቻ ነው።»

ጮኽኩባት። የእናትሽን ቤት ለፋንድያ? እሷ የተቀመጠችበት ላይ ፈረስ ይሽና? ማድ ቤቱ ከቀብሯ ማግስት ጀምሮ አልተከፈተም። ቁልፉ ከማዕተቤ ጋር ነው የታሰረው። እስከዳር ይህን ታውቃለች።

«ተዘግቶ ምን ይሠራል?» አለች ቀስ ብላ።

«አንቺን አይመለከትሽም!»

ጀንበር ሳትጠልቅ ተነሥታ ሄደች። ሥጋውን ሳትቀምስ። በጾም ዋዜማ ልጄን አስለቅሼ ሰደድኩ። ምኗ ነው እንዲህ ያበገነኝ? ፈረሱ አይደለም። መስኮት ያለችው ነገር ነው። ለምን... እንጃ።

ኅዳር 17

ሰቆጣ ወርጄ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ገዛሁ። ኢብራሂም ሱቅ። ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ቤተሰባችን ከእነሱ ነው የሚገዛው።

«ማሻ አላህ፣ ስንት ክፍል ነው ቤቱ?»

«ለፈረስ ነው።»

ሳቀ። «ይህን ሚስቴ ሀሚዳ እንዳትሰማ። ከአያ አሥራተ ፈረስ በምን አንሼ ነው ማድ ቤቴ ሣር የሆነው ትለኛለች።»

እኔ አልሳቅሁም። ሲያስጭነኝ ግን ከምሩ ሆነና፣ «ቆርቆሮ እንደ ሰው ያልበዋል። ከጣሪያው ሥር ዙሪያውን ክፍት ይተዉለት» አለኝ። እሺ አልኩት። ነጋዴ ደግሞ ስለ ፈረስ ምን ያውቃል?

ኅዳር 25

ጋጣው አለቀ። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ከሩቅ ያብለጨልጫል። ክፍት ቦታ አልተውኩም። ቆርቆሮው በተጋጠመበት ሁሉ ጭቃና እበት መረግሁበት፣ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ የለውም። የታኅሣሥ ብርድ እዚህ ደጋ ላይ አጥንት ይሰብራል። እርጉዝ ናት። ነፋስ ከመታት ሁለት ነፍስ ነው የሚጠፋው።

ባንቺ መጥታ ዞራ ዞራ አየችው። «ጎተራ ነው?»

«ጋጣ ነው።»

«እኔ ደግሞ ገብስ ልትከቱበት መስሎኝ።»

ይህቺ ሴት አንድ ቀን ታስኮንነኛለች።

ታኅሣሥ 3

ዳማ ሳለች። ብርድ ነው። በበሩ ሥር ነፋስ ይገባል። ጆንያ ወተፍኩበት።

ታኅሣሥ 8

ሳሉ ባሰባት። ጠዋት በሩን ስከፍት ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል፣ ጀርባዋ ርሷል። ሲሚንቶው ላይ ተንሸራታ ጉልበቷ ተልጧል። ሽንቷ መሄጃ አጥቶ ተኝቷል።

በማን ልናደድ? በኢብራሂም ተናደድኩ። በቆርቆሮው ተናደድኩ። ልጄ እንኳ አኩርፋ ስለሄደች ነው ያልቀናኝ ብዬ አሰብኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ጠዋትና ማታ እጸልያለሁ፣ በመካከል ሰው እረግማለሁ። ይህ ምን ጾም ነው? ከእህል መከልከልማ አህያም ታውቅበታለች፣ የሚሰጣት ካጣች።

ሌላም ነገር አለ። ሳሉን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ደረቅ፣ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ረዥም... በግድግዳ በኩል ስሰማው አውቀዋለሁ።

አልጽፈውም።

ታኅሣሥ 12

ሚካኤልን ስሜ ስመለስ ወጣቱን ምሳውን ደጄ ቆሞ አገኘሁት። የቀበሌያችን የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነው። እኔ አልጠራሁትም። እስከዳር ናት ደውላ የላከችው። ባንቺ ነግራት ይሆናል፣ ሌላ ማን አለ?

ጋጣውን ከውጭ ዞረው። «አባት፣ መስኮቱ የት ነው?»

«መስኮት ምን ያደርግላታል? ጥልፍ ልትጠልፍ ነው?»

አልተቆጣም። ይዞኝ ገባ። «እስቲ ጎንበስ ይበሉ። ቆመው አይደለም። እሷ ስትተኛ አፍንጫዋ በሚደርስበት ይተንፍሱ።»

ለማሳፈር ብዬ ጎንበስ አልኩ። ሁለት ጊዜ ሳልተነፍስ ዓይኔ ተቃጠለ። ጉሮሮዬን አንዳች ነገር ያዘኝ። እንባዬ እየወረደ ዘልዬ ወጣሁ። ቆሜ ስገባ ይህን ሁሉ ቀን አልተሰማኝም ነበር። አልቆይማ። ገለባ ወርውሬ እወጣለሁ።

«ብርድ አይደለም የያዛት» አለኝ። «ፈረስ ብርድ ይችላል። ደረቅ መኝታና ከራሱ በላይ የሚወጣ አየር ካለው ይበቃዋል። የሽንቷ ሽታ ታፍኖ ነው ሳንባዋን የሚበላው። እርስዎ ደግሞ በሳለች ቁጥር ደፍነውባታል። እዚህ ከቆየች ልትጨነግፍም፣ ልትሞትም ትችላለች።»

ትናንት የተወለድክ፣ እኔን ፈረስ ልታስተምረኝ ነው? አልኩት። ከግቢዬ አስወጣሁት። ሲሄድ እንኳ «በሉ ደህና ይዋሉ» አለኝ። ጨዋነቱ አናደደኝ።

ቀን ወይራው ሥር አሰርኳት። ሲመሽ ጅቡ ጮኸ። መልሼ አስገባኋት። ሌላ ምን ላድርግ?

ታኅሣሥ 13

ጎንበስ ይበሉ አለኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በማድ ቤቱ በር ቆሜ «ጸሐይነሽ» ብዬ ተጣራሁ። ጎንበስ ብዬ የገባሁበትን ቀን ፈለግሁ። አጣሁት።

ታኅሣሥ 17

ዳማ ገብስ እምቢ አለች። ከእጄ እንኳ።

ታኅሣሥ 19

ገብርኤል ነው። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን አባ ገብረ ጻድቅን ደጀ ሰላም ጥላ ውስጥ አገኘኋቸው። ስለ ዳማ ነገርኳቸው። ከዚያ አንድ የሞኝ ጥያቄ ጠየቅሁ። «አባ፣ ጌታ የተወለደበት በረት ዝግ ነበር?»

«ዋሻ ነዋ! በር ምን ሊያደርግለት?»

«በብርድ ወራት... ሕፃን ይዘው?»

«ከብቶቹ በትንፋሻቸው አሟሟቁት። ደጁ ግን ክፍት ነው። ዝግ ቢሆን እረኞቹ በየት ገቡ? ኮከቡስ ለማን አበራ?» ሳቁ። ከዚያ አዩኝ። ሳቃቸውን ተዉ። «አሥራተ፣ የመጣኸው ስለ ፈረስ ነው?»

አይደለም አልኩ። እዚያው ነገርኳቸው። እዚህም ልጻፈው፣ አንድ ጊዜ ከአፌ ወጥቷልና።

ጸሐይነሽ ጭሱ ዓይኗን ፈጃት፣ ደረቷን ያዛት። ከጣሪያው ሥር ሁለት ስንዝር ክፈትልኝ አለችኝ። ሁለት ስንዝር። ነፋስ ይመታሻል አልኳት። ጅብ ይገባል አልኳት። ስትወተውተኝ ደግሞ ከመከር በኋላ አልኳት። አሥራ አራት መከር ገባ። ስትናደድ በኽምጥኛ ነበር የምትሳደበው፣ እኔም ያልገባኝ መስዬ እስቅ ነበር። በመጨረሻ ሰቆጣ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ መረመራትና እኔን ጠየቀኝ። ማድ ቤቱ መስኮት አለው?

አለው አልኩ።

አጠገቤ ተቀምጣለች። ሰምታለች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብሰብ አደረገች።

አባ ስግደት ያዙኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ቁልፉ የት ነው?» አሉኝ። ከአንገቴ አውጥቼ አሳየኋቸው። «ከመስቀልህ ጋር ያሰርከው ለክብሯ ነው፣ ወይስ ማንም ገብቶ እንዳያይ?»

ተናደድኩ። በእሳቸው እንኳ ተናደድኩ።

ታኅሣሥ 20

ከፈትኩት። ቁልፉ ዝጎ አስቸገረኝ።

አመዱ እንደተወችው ነው። መቀመጫ ዱካዋን ከቦታው አላነሣሁም፣ ተቀመጥኩበት። ተቀምጬ ነው ግድግዳውን ያየሁት። ጥላሸቱ ከጣሪያው ወርዶ ወርዶ ከደረቴ ትይዩ ያበቃል። ከዚያ በታች ድንጋዩ ድንጋይ ይመስላል። ዱካው ላይ የሚቀመጥ ሰው ራሱ ጥቁሩ ውስጥ ነው። ዕድሜ ልኳን ጥቁሩ ውስጥ ነበረች።

ከዱካው በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ አንድ ድንጋይ ዙሪያውን ጭቃው ተፍቋል። በቢላ ነው። ትንሽ በትንሽ የተፋቀ። በስንዝር ለካሁት። ሁለት።

ድጅኖ አመጣሁ። ሁለት ምት። በሁለተኛው ድንጋዩ ወደ ውጭ ወደቀ፣ ብርሃን ገባ። አሥራ አራት ዓመት ከመከር በኋላ ያልኩት ሥራ ሁለት ምት ነበር። ጮኽኩ መሰለኝ። ባንቺ አጥሩን ተሻግራ መጣች፤ አየችኝና ምንም ሳትል ተመለሰች። ባንቺ ዝም ስትል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ለጅቡ ሦስት የወይራ እንጨት አጋደምኩበት። ወለሉ ላይ ገለባ አነጠፍኩ። ዳማን አስገባኋት። አንገቷን ቀና አድርጋ ቀዳዳውን አየች፣ አሸተተች።

ታኅሣሥ 24

ሳሏ ቀነሰ። ገብስ በላች። ምሳው ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ምንም አይደል አባት፣ ድጅኖ ይዘው ስላልመጡ ደስ ብሎኛል» አለ።

ታኅሣሥ 29

ልደት። እስከዳር መጣች። ማድ ቤቱን ክፍት ስታየው በሩ ላይ ቆመች። ዳማን አሻሸቻት፣ ወደ ቀዳዳው ቀና አለች።

ስለ ሐኪሙ ነገርኳት። መናገር ግድ ነበረብኝ።

«አውቃለሁ አባዬ። እማዬ ያኔውኑ ነግራኛለች።»

«ምን አለችሽ?»

«አፈረ አለችኝ። ስላፈረ ዘንድሮ ከመከር በኋላ ይከፍተው ይሆናል አለች።»

ያ የኅዳር ወር ነበር። በየካቲት አረፈች። መከሩ በመካከል ገብቶ ነበር።

ጥር 13

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዳማ ወልዳለች። ወንድ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። እግሮቹ ከራሱ ጋር አልተዋወቁም፣ አራቱም በየፊናቸው ይሄዳሉ። ከቀዳዳው የሚወርደው ብርሃን ውስጥ ቆሞ ጠባ።

ቆርቆሮው ጋጣ ውስጥ የገብስ ጆንያዎቹን ከተትኩ። ባንቺ እንዳለችው ጎተራ ሆነ።

ጥር 16

ኪዳነ ምሕረት። ከቅዳሴ ስመለስ ባንቺ ማድ ቤቷ ውስጥ ስትስል ሰማኋት። ደረቅ፣ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ረዥም። ስንት ዓመት በዚያ አጥር ሥር አልፌያለሁ?

ድጅኖዬን ይዤ ሄድኩ።

«ምነው፣ ሊገድሉኝ ነው?» አለች።

«የት ጋ ነው የምትቀመጪው?»

አሳየችኝ። ጎንበስ ብዬ ገባሁና ተቀመጥኩበት። ዓይኔ እስኪያነባ ቆየሁ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ እኔ እቆም በነበረበት ዓይነት ቦታ።

«እና ከፈረስዎ ቀጥሎ ተራዬ ደረሰ ማለት ነው?»

«አዎ» አልኳት።

አራት ምት ፈጀ። የባሏ ግንብ ከእኔ ይሻላል። ብርሃኑ ሲገባ ነጠላዋን ወደ ፊቷ አመጣች፣ ዓይኗን ነው ወይስ... አላየሁም።

ንዴቱ አልወጣልኝም። በድጅኖ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። ስመለስ ከመንገዱ ቆሜ መንደሩን አየሁት። መስኮት ያለው ማድ ቤት ጭሱ በአንድ በኩል ቀጥ ብሎ ይወጣል። የሌለው በጣሪያው ሣር መካከል ተጣርቶ፣ ቤቱ ራሱ የሚነድ መስሎ ነው። እንዲህ የሚጨሱትን ቆጠርኳቸው። ሰባት ናቸው።

ድጅኖውን ወደ ቤት አላስገባሁትም። በሩ ላይ አቆምኩት።