በነፋሱ ውስጥ የተጣራሁት ስም

ውድ እትዬ ማልሱን፣

ይህ ወረቀት ኦሳካ እስኪደርስ ዝናቡ ይጀምርባችሁ ይሆናልና መጀመሪያ የምጠይቀው ጉልበትሽን ነው። እንደ አምናው ደረጃ መውጣት ይከለክልሻል ወይስ ሻል ብሎሻል? ዓይንሽስ እንዴት ነው? ስፌቱን ለምራትሽ ተውሽላት ወይስ ዛሬም «መርፌ ካልያዝኩ እሞታለሁ» እያልሽ ታስቸግሪያታለሽ? እህል ውሃውስ ይስማማሻል? እኔ ጌታ ይመስገን አለሁ። ከንፈሬ ከመሰነጣጠቁና ዓይኔ ከመቅላቱ በቀር ደህና ነኝ። ፍርሃቴን ከጠየቅሽኝ፣ እሱ ታሞ አያውቅም።

ቴምብሩን አይተሽ ደንግጠሽ ይሆናል። የምጽፍልሽ ከደሴታችን ከጄጁ ሳይሆን ከሞንጎሊያ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ወደዚህ አገር አገልጋዮች እንደምትልክ ነግሬሽ ነበር። ዘንድሮ ምግብ አብሳይዋ ወድቃ እጇ ተሰበረና ፓስተር ቻ ቤቴ ድረስ መጡ። «እማማ ዮንግሺል፣ ያለ እርስዎ ሾርባ እኮ ወጣቶቹ በሁለተኛው ቀን ወንጌሉን ጥለው ይመለሱብኛል» አሉኝ። እምቢ ማለት ስለፈራሁ እሺ አልኩ። ከደሴታችን ወጥቼ የማላውቅ ሴት፣ ሰው ሁሉ ጮኾ ሲጸልይ ከንፈሬን ብቻ የማንቀሳቅስ፣ እኔ ማንን ላገለግል ነው እያልኩ አውሮፕላኑ ላይ ወጣሁ።

ወጣቶቹ በመንደሩ አዳራሽ ሲያድሩ እኔ ያረፍኩት ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ ዶልጎር በምትባል ፍየል አርቢ መበለት ድንኳን ውስጥ ነው። በዕድሜ ከአንቺ ጋር ሳትቀራረቡ አትቀሩም። አስተርጓሚያችን ኦዩናም ከእኔ ጋር ናት። ይቺ ልጅ ኮሪያ ፋብሪካ ውስጥ ስትሠራ ቋንቋችንን የተማረችው ከአለቆቿ ስድብ ስለሆነ፣ የጸሎት ቃል ስትተረጉም እንኳን ሰው የምትቆጣ ትመስላለች።

ባሕር የሌለበት አገር ነው ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን እትዬ፣ ሜዳው ዳርቻ የለውም። ጠዋት ስወጣ ጥልቅ ውሃ ላይ የቆምኩ ይመስለኝና በሩን ሙጭጭ አድርጌ እይዛለሁ። ዶልጎር ይህን እያየች «ምነው፣ በሬን ነቅለሽ ልትወስጂብኝ ነው?» ትለኛለች።

ከሁሉ ያስፈራኝ ግን የሚመጣው እሑድ ነበር። ፓስተር ቻ እያንዳንዳችን በአዳራሹ ቆመን እንድንመሰክር አዘዋል። እኔም አጭር ምስክርነት ጽፌ በቃሌ አጥንቼ ነበር፤ ባሌ እንደሞተ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ፊደል እየለቀምኩ ብቻዬን ማንበብ እንደተማርኩ፣ ጌታ እንዳጽናናኝ። ውሸት የለበትም። ታናሻችን ኦክሲም ግን የለችበትም።

ሐሙስ ጠዋት የውሃውን ጀሪካን ተሸክሜ ገብቼ ሳስቀምጥ፣ ሳላስበው ፉጨቱ አመለጠኝ። ያው የእኛ የጠላቂዎቹ ፉጨት ነው፤ ከባሕሩ ሥር ዛጎል ለቅመን ስንወጣ የያዝነውን ትንፋሽ የምንለቅበት፣ እርስ በርስም የምንጣራበት። ኦክሲምን ባሕር ካስቀረብን ወዲህ ውሃ ባልገባም ደረቴ ልማዱን አልረሳም። ዶልጎር ጭልፋዋን ጥላ «አንቺ የባሕር ሴት! ነፋስ ትጠሪብኛለሽ እንዴ?» ብላ ጮኸች። እዚህ አገር በጸደይ የሚያፏጭ ሰው ነፋስ ይጠራል እንደሚባል ኦዩና ነገረችኝ። አጎንብሼ ይቅርታ ስለምን ዶልጎር «እንግዲህ ጠርተሽዋል፤ ከመጣ ሻይ የምታፈዪለት አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ መጣ። በስተ ምዕራብ ቡናማ ግድግዳ ተነሣ። ግልገሎቹ ከጉብታው ማዶ ነበሩና ዶልጎር ልትሰበስባቸው ሮጠች። እሷ ሳትመለስ ግድግዳው እኛ ላይ ደረሰ። ሰማይና ምድር ተደባለቀ። ድንኳኑ እንደ ጀልባ ከመሬት ሊነሣ ሲል ኦዩና ከጣሪያው መሐል በሚወርደው ገመድ ላይ ተንጠልጥላ በክብደቷ ያዘችው። እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ አፌን በሁለት እጄ አፈንኩት። ነፋስን የሚያዝ እግዚአብሔር እንጂ የሴት ፉጨት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ልቤ ግን ከእምነቴ ቀድሞ ሮጠና «ይቺንም ያጠፋሻት አንቺ ነሽ» አለኝ።

ኦክሲም የቀረችብን ቀንም ነፋስ ነበረ። ኦክሲም እንውጣ ስትለኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንጥለቅ ያልኳት እኔ ነኝ። ወጥቼ አፏጨሁ፤ እሷ አልመለሰችም። አስከሬን በሌለው ቀብሯ ላይ አንቺ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሽኝ፤ «ስንት ጊዜ ተጣራሽ?» እኔም መሬት መሬቱን አየሁ። ቶሎ ተስፋ ቆርጬ ነፍሴን ይዤ እንደወጣሁ ከፊቴ አንብበሽ ነበርና ዳግመኛ አልጠየቅሽኝም።

ተነሥቼ የድንኳኑን በር ስከፍት ኦዩና ከገመዱ ላይ ሆና «አንቺ አሮጊት፣ ዝጊው! ልትጨርሺን ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ተንበርክኬ አንገቴን አወጣሁና አፏጨሁ። «ሌላ ነፋስ ልትጨምሪበት?» አለች። መልስ የለም። እንደገና አፏጨሁ። አሸዋው ምላሴ ላይ ተጋገረ፤ መልስ የለም። ያኔ ያቆምኩት እዚህ ላይ ነበር። በሩን ዝጊ፣ ነፍስሽን አውጪ እያለ እግሬ ወደ ኋላ ሲጎትተኝ ይታወቀኛል። እትዬ፣ ደፋር ሆኜ እንዳይመስልሽ። ዳግመኛ መጣራቴን ማቆሜ ግን ከነፋሱ ይልቅ አስፈራኝ። አፏጨሁ። ከንፈሬ ደማ። ፉጨቱ እምቢ ሲለኝ በድምፄ ተጣራሁ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ አልቆጠርኩም።

ከዚያ ከቡናማው ውስጥ የግልገል ራስ ብቅ አለ። ቀጥሎም ግልገሉን የያዘው እጅ። እጁን ጨብጬ ጎተትኩት።

ዶልጎር ሁለት ግልገሎች በካባዋ ጉያ እንደያዘች ምድጃው አጠገብ ተዘረረች። አሸዋውን ተፍታ ስትጨርስ መጀመሪያ ያለችው «ምጥ የያዛት ግመል መስላኝ ላዋልዳት ስመጣ፣ ለካ አንቺ ነሽ!» ነበር። ኦዩና እየሳቀችም እያለቀሰችም ተረጎመችልኝ። ከዚያ ዶልጎር ፊቴን በእጆቿ ይዛ «ቆይ ግን፣ ኦክሲም ማናት? እኔ እኮ ዶልጎር ነኝ» አለችኝ።

ስሟን ስጠራ እንደነበር አላወቅኩም።

ነገርኳት። ለአገሬ ሰው ያልተነፈስኩትን ለባዕድ ሴት ነገርኩ፤ ያውም በተሳዳቢ አስተርጓሚ። ዶልጎር አይዞሽ አላለችኝም። ለሞተ ሰው እንባ ሲበዛ ከፊቱ ባሕር ይሆንበታል፣ መሻገር ያቅተዋል ይላሉ እዚህ። «ልጅቱ ባሕርስ በቅቷታል፤ አትጨምሪባት» አለችኝ። ፓስተር ቻ ቢሰሙ ጥቅስ ጠቅሰው ያርሟት ይሆናል። እኔ ግን እጇን ይዤ ጸለይኩ፤ ድምፅ አውጥቼ፣ ሰው እየሰማኝ። ላስተምራት የመጣሁት ሴት አሜን አላለችም። ተነሥታ ሻይ ቀዳችልኝና «ነፋሱ ሳይጠጣ ሄደ፤ ይኸው የሱን ድርሻ አንቺ ጠጪው» አለችኝ።

ነገ እሑድ ነው። ያጠናሁትን ትቼ የኦክሲምን ስም በሰው ፊት ልጠራ ነው። ከነፋሱ ቀን የባሰ ፈርቻለሁ። በባዕድ አዳራሽ ከመጠራቷ በፊት በአንቺና በእኔ መካከል መጠራት አለባት ብዬ ነው ዛሬ የምጽፍልሽ። ደብዳቤው ዘግይቶ ቢደርስሽም ከሁሉ ቀድሜ የነገርኩት ላንቺ እንደሆነ ቁጠሪልኝ። በመጸው ወደ ቤታችን ነይ። ሦስታችን ልብስ እናወልቅበት በነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጪልኝና እኔ ባሕሩ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ልግባ። ብቻዬን አልችልም። መምጣት ቢከብድሽ አልቀየምሽም፤ ብትቆጪም ተቆጪኝ፤ ብቻ መልስ ጻፊልኝ። እኔ የምፈራው ዝምታሽን ነው።

ባለቤትሽን ጋሼ ሆንግን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ ለሳላቸው የፒር ፍሬውን በማር እየቀቀልሽ ስጫቸው። ልጅሽን ታይሱን፣ ምራትሽን ሳዬንም ሰላም በይልኝ፤ አንቺን መቻሏ በሰማይ ይጻፍላታል። ለልጅ ልጅሽ ለትንሿ ሪና የግመል ሱፍ ካልሲ ይዤላታለሁ፤ እግሯ ከዚያ በፊት እንዳያድግ ንገሪያት። ዶልጎርም «ታላቅሽን ሰላም በያት፤ ስታፏጪ ትስማሽ» ብላለች። በመጨረሻም መስኮትሽ አጠገብ በፎቶግራፉ ውስጥ ያለችውን ኦክሲምን ሰላም በይልኝ። እስከ ዛሬ በጻፍኩልሽ ደብዳቤዎች ሁሉ እሷን ስዘላት ኖሬያለሁ።

ታናሽሽ ዮንግሺል

ዱንድጎቢ፣ ሞንጎሊያ
ቅዳሜ፣ ሜይ 11 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.