ኮትህን ለብሼ ሄጃለሁ

ደሞዝ፣

ኮትህን እንዳትፈልግ። እኔ ለብሼው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሄጃለሁ። መኪናው ቀድሞ መጣና አንተ ከእርሻ ሳትመለስ መነሣት ግድ ሆነብኝ።

አትሳደብ! የይለፍ ወረቀቴ ላይ ያለውን ፎቶ የተነሣሁት ባንተ ኮት መሆኑን ታውቃለህ። የድንበሩ ኬላ ዘብ ጎረቤታችንን ሙሉአለምን «ይሄ ሌላ ሰው ነው» ብሎ የመለሰው እኮ ጺሙን ስለተላጨ ብቻ ነው። በዚህ ሐሩር ኮት ለብሼ ሲያዩኝ ይስቁ ይሆናል እንጂ አይመልሱኝም።

የክትባት ካርዴን ይዣለሁ፤ ክንዴ ግን እንዳበጠ ነው። የቀበሌው የነጻ ሕክምና ወረቀት ከኬላው ወዲያ አይሠራም አሉኝ፤ ስለዚህ ላለመታመም ወስኛለሁ። ከሾፌሩ ጋር የትራክተሩን መለዋወጫ ይዘን በሁለት ሳምንት እንመለሳለን።

ማሽላውን ፀሐይ አስመታው፤ ነቅዟል።

ደግሞ ኪስህ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ የወባ ኪኒን፣ ክሎሮኪን አገኘሁ። «ለአዛናው መንገድ» ብለህ ጽፈህበታል። ሰኞ ወባው ሲያንቀጠቅጥህ «ዋጥኩት» ያልከኝ ይህንኑ ነው! አንተ ውሸታም። «ዋጥኩት» ስትለኝ እኔም ዝም ብዬ አመንኩህ።

ኪኒኑን ትራስህ ላይ ትቼልሃለሁ። ዛሬውኑ ጀምረው።

ኮትህን ከፈለግህ ድነህ ጠብቀኝ።

አዛናው